ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ከኮሌጅ በፊት ስለሚሰጥ የአገልግሎት ዓመት ላስታ ምን ያስተምረናል?



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ ከአንድ ወጣት የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና አልፎ የዩኒቨርሲቲ ምደባውን የሚጠባበቅ ወጣት ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወደ ቢሮዬ መጣ። የሚያገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ትምህርቱን አንድ ዓመት አቆይቶ በላስታ ገጠር ሕፃናትን እንዲያስተምር ጠይቆታል። እርሱም ፈቃደኛ ነው። አባቱ ግን «በእጅህ የገባውን ዕድል ጥለህ ወዴት ትሄዳለህ?» ብለው ተቆጥተዋል። ወጣቱ «እርስዎ የላስታን የአብነት ትምህርት ቤቶች ያጠናሉና ምን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው በችኮላ የሚመለስ ስላልነበረ ከአባቱ ጋር ወደዚህ ገለጻ እንዲመጣ ጋበዝሁት። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለሁላችሁም ቢሆንም፣ ውሳኔያቸውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሚሰጡት ለአባትና ለልጅ መልስ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን በስፋት እንመልከተው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ኮሌጅ ከመግባት በፊት አንድ ዓመት ለጉዞ ወይም ለአገልግሎት መስጠት በምዕራቡ ዓለም የታወቀ ልማድ ሆኗል፤ በእንግሊዝኛ «ጋፕ ይር» ይሉታል። በብሪታንያ በ1958 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የባሕር ማዶ በጎ ፈቃድ አገልግሎት በመጀመሪያ የላከው ትምህርት ቤት የጨረሱና ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ የ18 ዓመት ወጣቶችን ነበር። ልማዱ በክርስቲያን ማኅበረሰቦች ዘንድ የተልእኮ መልክ ይይዛል። የሞርሞን እምነት ተከታይ የሆኑ ወንዶች ወጣቶች ለምሳሌ፣ ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ሁለት ዓመት በተልእኮ እንዲያሳልፉ ይጠበቃል። በአገራችንም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶቻቸውን ለአጭር ጊዜ ተልእኮ ወደ ገጠር ይልካሉ፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ።

እነዚህ ሁሉ በሚከተሉት ሥርዓት ይለያዩ እንጂ የጋራ የሆነ አንድ ግምት አላቸው። ይኸውም የሚላከው ወጣት የሚሰጠው ነገር አለው፤ የሚላክበት ሕዝብ ደግሞ የጎደለው ነገር አለ የሚል ነው። የዓመቱ ውጤት ሲመዘንም መለኪያው ብዙውን ጊዜ የላኪው ወገን ነው፤ ወጣቱ በሰለ ወይ? እምነቱ ጸና ወይ? ዓለምን አወቀ ወይ? ይባላል። ለወጣቱ ያ ዓመት በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ያለ ትርፍ ጊዜ ነው። ለተቀባዩ መንደር ግን ትርፍ ጊዜ አይደለም፤ ሕፃኑ ፊደል የሚቆጥርበት አለዚያም ሳይቆጥር የሚቀርበት ዓመት ነው። የእኔ ገለጻ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ተነሥቶ ያያል።

ላስታ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። ወጣት ከፍ ወዳለ ትምህርት ከመሻገሩ በፊት ቤቱንና ዘመዶቹን ትቶ ለእምነቱ ሲል ወደማያውቀው አገር የሚሄድበት ሥርዓት በዚህ ደጋ ለዘመናት ኖሯል። ሥርዓቱም የቆሎ ተማሪነት ነው። ብዙዎቻችሁ ከመጻሕፍት ታውቁታላችሁ። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት ጥናት አለ፤ መንግሥቱ ለማም ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት የተቀበሉትን ትዝታ በመጽሐፍ አቆይተውልናል። ስለዚህ ዝርዝሩን ሁሉ አልደግምም፤ ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገውን ብቻ ልግለጽ።

ልጁ በአጥቢያው ንባብ ቤት ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት ከደገመ በኋላ ለብዙዎች ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። መቀጠል የሚሻ ግን ከአገሩ መውጣት አለበት። ዜማ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያንዳንዳቸው ምስክር የሆኑበት የራሳቸው ስፍራ አላቸውና። ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይጓዛል። ለላስታ ልጅ ቅኔ ቅርቡ ነው። በቅኔ ትምህርት ስማቸው ከሚጠራው ከሦስቱ ቤቶች፣ ማለትም ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዋድላ፣ አንዱ ዋድላ ከላስታ በስተ ደቡብ የሚገኝ ነው። ይሁን እንጂ ቅርብ የተባለውም ቢሆን በእግር የሚኬድ፣ ቆላና ደጋ የሚያቋርጥ መንገድ ነው።

ተማሪው ሲወጣ የሚይዘው የታወቀ ነው። የበግ ለምድ ይደርባል፤ አኩፋዳ ያንጠለጥላል፤ ለውሻ መመከቻ በትር ይይዛል፤ ለስንቅ ቆሎ ይቋጥራል። ጉባኤው ዘንድ ሲደርስ የመኖሪያ ጎጆውን በራሱ እጅ ይቀልሳል። ምግቡን የሚያገኘው በየደጁ እየቆመ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በመለመን ነው። ባለቤቲቱ ከመሶቧ ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ እርሱም በአኩፋዳው ይዞ ይመለሳል። መምህሩ ደመወዝ ከተማሪው አይቀበልም፤ ተማሪው ይልቁንም ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ይህ ሥርዓት ሲገለጽ ብዙ ጊዜ የሚጎላው የተማሪው መከራ ነው፤ መከራውም እውነተኛ ነው። እኔ ግን ልመናው በትምህርቱ ሥርዓት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማሳየት እሻለሁ። የሚለምን ተማሪ ከመንደሩ ጋር ሳይተዋወቅ አይኖርም። ማን ጎተራው እንደጎደለ፣ ማን ልጁ እንደታመመበት፣ የቱ ቤት ሐዘን እንዳለበት ከደጅ ቆሞ ያያል። መንደሩም በበኩሉ ተማሪውን ያውቀዋል፤ የሰነፈውን፣ የተሳደበውን፣ ከጉባኤ የጠፋውን ለይቶ ያውቃል። ቁራሹን የሰጠችው እናት በዓመቱ ክብረ በዓል ያ ልጅ ቅኔ ሲያቀርብ ትሰማለች። እንግዲህ ተማሪው ተጠሪነቱ ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለመገበው መንደር ጭምር ነው ማለት ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ መንደሩ መመገብ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ጉባኤው ይታጠፋል፤ ተማሪውም ይበተናል። ወሎን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የመታው ረኃብ ስንት ጉባኤ እንዳጠፈ የአካባቢው ሊቃውንት በሐዘን ያወሳሉ። የመንደሩ እንጀራና የጉባኤው ትምህርት እንዲህ የተሳሰሩ ናቸው።

ሁለተኛው ልብ የሚባል ነገር የማስተማር ተራ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ያስተምራል፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ትናንት የተቀበለውን፣ ከእርሱ ዝቅ ላለው፣ መምህሩ በሚሰማበት ቦታ ነው። ዳዊት የጀመረው ፊደል ለሚቆጥረው ያሳያል፤ በዜማ የገፋው ለጀማሪው ያስቀጽላል። ቅኔ ቤት የገባ ጀማሪ በሁለት ቤት ከምትቋጨው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ቀን በየጥሻው ብቻውን ሆኖ ያሰበውን በቆጠራ ሰዓት ለመምህሩ ያቀርባል፤ ተነቅፎና ታርሞ ይመለሳል። ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ለራሱ ጉባኤ የሚተክለው ደግሞ መምህሩ መርቆ ሲያሰናብተው ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገራችን ከዚህ ዓለም የወጣ ነው። ጥምጣም የመምህርነትና የካህንነት ምልክት ነውና፣ ምልክቱን ከዕውቀቱ ያስቀደመውን ይገሥጻል።

ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ እንደ ገነት ለማቅረብ አይደለም። የቆሎ ተማሪ በውርጭ ታሟል፤ በተስቦ ሞቷል፤ በውሻ ተነክሷል። ሥርዓቱ ለሴቶች ልጆች በሩን የከፈተው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በጎጃም የቅኔ መምህር የነበሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የምናከብራቸው በዕውቀታቸው ቢሆንም፣ ስማቸው ተለይቶ የሚነሣው ግን ብቸኛ እስኪመስሉ ድረስ ጥቂት በመሆናቸውም ጭምር ነው። እኔ ከሥርዓቱ የምወስደው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የተላከው በተቀባዩ መንደር እንጀራ መኖሩንና በመምህር ጆሮ ሥር ማስተማሩን።

በዘመናዊው ትምህርት ታሪካችን ደግሞ ወጣትን ከትምህርት ገበታ አንሥቶ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር መላክ ሁለት ጊዜ በሰፊው ተሞክሯል። የመጀመሪያው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት፤ የሚበዙትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር ሆነው ሠርተዋል። ሁለተኛው በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው፤ 60,000 ገደማ የሚሆኑ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተሰማርተውበታል።

ሁለቱ ሃይማኖታዊ አልነበሩም፤ ሆኖም ለእኛ ጥያቄ ይጠቅማሉ። በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተላከው ወጣት የሚጠብቀው የታወቀ ወንበር፣ የታወቀ የትምህርት ዘመንና የሚቆጣጠረው ርእሰ መምህር ነበረው። ከዋና ከተማ ያልወጣ ብዙ ወጣት አገሩን ያወቀው በዚያ ዓመት ነው። ዘማቹ ግን የተላከው ገበሬውን ሊያነቃ፣ ሊያደራጅ፣ ሊያስተምር በአንድ ጊዜ ነበር። መሠረተ ትምህርት አስተምሯል፤ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ የመሬት ዐዋጁንም አብራርቷል። በብዙ ቦታ ግን ከአካባቢ ሹማምንትና ከባለርስቶች ጋር ተጋጨ፤ ብዙዎችም ዘመቻውን ጥለው ወጡ። ከሁለቱ ስናነጻጽር የወጣቶቹ ቅንነት ልዩነት አልነበረውም። ልዩነቱ ማን ጠራቸው፣ ማን ይመራቸዋል፣ ሥራቸው የት ይጀምራል የት ያበቃል በሚለው ላይ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን በኩል አንድ ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር። በ1970ዎቹ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ በዝዋይ ገዳም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት ዕረፍታቸው እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ወደ ዝዋይ የሄዱት ሊያስተምሩ ሳይሆን ሊማሩ ነው። በ1983 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ሲላኩ፣ ያ ፈልገው ያላመጡት የትምህርት መቋረጥ ለአንዳንዶቹ የጸሎትና የኅብረት ጊዜ ሆነ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን መነሻውን ከእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ይቆጥራል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ግቢ ጉባኤያትም ሆኑ ለአብነት ትምህርት ቤቶች የሚደረገው ድጋፍ ከዚህ የመጡ ናቸው። እዚህም ላይ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ መማሩ ቀድሞ አገልግሎቱ ተከተለ።

እስካሁን ስለ ሌሎች ተናግሬአለሁ። አሁን ስለ ራሴ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ይህን ርእስ የመረጥሁት ባለ ዕዳ ስለሆንሁ ነው።

የማትሪክ ውጤቴን ስጠባበቅ በነበረበት ዓመት ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ላስታ ሄድን። ከላሊበላ በእግር የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ አጥቢያ ለመቀመጥ ነበር ዕቅዳችን። ከበሮ፣ ደብተር፣ ጠመኔና ሁለት ካርቶን ብስኩት ይዘን ነበር። የደረስነው በምሽት ነው። አንዲት ባልቴት ቤታቸው አስገቡን፤ ከመቀመጣችን በፊት ውኃ አሙቀው የአምስታችንንም እግር በየተራ አጠቡ። «እማማ፣ ይተዉ፤ እኛ እንታጠባለን» ብንል «የእግዜር እንግዳ እግሩን ራሱ አይታጠብም» አሉን። ከዚያም የገብስ ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። ወሩ ነሐሴ መሆኑን፣ ማለትም ጎተራ የሚሟጠጥበት ወር መሆኑን፣ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ መዝሙርና ፊደል ማስተማር ጀመርን። ከበሮው ተመታ፤ ብስኩቱ ታደለ፤ ልጆቹ ጎረፉ። በዚያው ቅጥር ግቢ፣ ከጽድ ሥር፣ አንድ አረጋዊ የኔታ ንባብ ያስተምሩ ነበር። ሰዓታቸው ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ነበር። በሳምንቱ ከፊታቸው የቀሩት ልጆች ሁለት ነበሩ። የኔታ ምንም አልተናገሩንም። እኛም ይህን እንደ ድል ቆጠርነው እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ሄደን «የኔታ፣ ምን እንሥራ?» ብለን አልጠየቅንም። ሦስት ወር ቆየን። ከዚያ የትምህርት ጥሪያችን መጣና ዕቃችንን ጠቅልለን ተነሣን። ልንሰናበታቸው ስንቀርብ የኔታ መረቁን፤ ቀጥለውም እጄን እንደያዙ «ልጄ፣ የጀመራችሁትን ማን ይጨርሰዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ለጥናት ወደ ላሊበላ ስመለስ፣ በገበያው አጠገብ ጫማ የሚጠርግ ጎልማሳ ስሜን ጠርቶ አቆመኝ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበር። ፊቱ በደስታ በራ፤ ያኔ ያስተማርነውን አንድ መዝሙር ከነጭብጨባው ዘመረልኝ። ከእኛ በፊት የኔታ ዘንድ ዳዊት ጀምሮ እንደነበር፣ እኛ ከሄድን በኋላ ግን አፍሮ ወደ የኔታ ሳይመለስ እንደቀረ፣ ሳይቀየም ነገረኝ። በቦርሳዬ የነበረውን ዳዊት አውጥቼ ሰጠሁት። ተሳልሞ መለሰልኝ። ማንበብ አይችልም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ድህነት፣ ከትምህርት ቤት መራቅ፣ የከብት ጥበቃ፣ ሌላም ብዙ ምክንያት ያንን ልጅ ከዳዊቱ ሊለየው ይችል ነበር። ነገር ግን በተመራማሪ ዓይን ስመለከተው ስሕተታችን ምን እንደነበር መናገር እችላለሁ። ያልጠራን መንደር ሄድን። የነበረውን መምህር ሳናይ ሌላ ትምህርት ቤት ከጎኑ ተከልን። የተቀበልነውን እንግድነት እንደሚገባን ቆጠርነው፤ የሰጠነውን ግን እንደ ስጦታ። በመጨረሻም ዓመቱን ለራሳችን አቆጣጠር ለካነው፤ ለእኛ ሦስት ወር መጨረሻ ነበር፤ ለልጁ ግን መካከል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። ዛሬ በኢትዮጵያ «ከኮሌጅ በፊት ያለው ዓመት» የሚለው ሐረግ ለብዙው ወጣት የምርጫ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። የቀረው ብዙኃን በማካካሻ ትምህርት ወይም በቤቱ ነው ዓመቱን ያሳለፈው። በላስታ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ከከተማ በፈቃዱ አንድ ዓመት ሰጥቶ የሚሄደው ወጣት እዚያ የሚያገኘው እኩያውን ነው፤ ዓመታቱን ሳይፈቅድ የተቀማውን። ይህን ሳያስብ የሚሄድ ሰው «አንድ ዓመት ሠዋሁ» ብሎ ሲናገር ሰሚው ምን እንደሚሰማው ልብ ይበል። የጸጥታውም ነገር በቅንነት ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ የአካባቢው ሰው «አሁን አትምጡ» ሲል መስማት ራሱ የአገልግሎት አካል ነው።

እንግዲህ አትሂዱ ማለቴ ነውን? አይደለም። ላሊበላ ራሷ የምትሰጠን ሌላ ሥዕል አለ። በየዓመቱ ለታኅሣሥ 29 የልደት በዓል ምእመናን ከየአቅጣጫው በእግር ወደ ላሊበላ ይጓዛሉ። የከተማዋ ሰዎች እንግዶቹን ተቀብለው እግራቸውን ያጥባሉ፤ በጸሎተ ሐሙስ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በማሰብ። አጣቢዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በልደት ማለዳ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሉ ከላይ ከዐለቱ ጫፍ፣ ከፊሉ ከታች ከቅጥሩ ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ፣ ያ እግሩ የታጠበው መንገደኛ አብሮ ይቆማል። በዚህ ሥርዓት ማን አገልጋይ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ባለአገሩ ነው። ከሩቅ የመጣው ተገልጋይ ነው። የአገልግሎት ዓመት የሚያስብ ወጣት ከዚህ ቢነሣ፣ ማለትም መጀመሪያ እግሩን እንደሚያጥቡት አውቆ ቢሄድ፣ ቀሪው ሁሉ መልክ ይይዛል።

ስለዚህ ከላስታ የአብነት ሥርዓት፣ ከዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱና ከዘመቻው፣ ከራሴም ስሕተት ተነሥቼ አምስት መመዘኛዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጥሪው ከተቀባዩ ይምጣ። የአጥቢያው የኔታ፣ የሰበካ ጉባኤው ወይም የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር «እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገናል» ብሎ ካልጠየቀ፣ ላኪው ፍላጎቱን ከራሱ ልብ እንዳያመነጭ።

ሁለተኛ፣ የተላከው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይማር። የኔታ ዘንድ ተቀምጦ ንባብ ይቀበል፤ አካባቢውን ይወቅ። ማስተማር ሲጀምርም የኔታ በሚሰሙበት፣ ሰዓታቸውን በማይሻማ ጊዜ ያስተምር። ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚችል ወጣት ከሰዓት በኋላ ቢያስጠና ማንም ተማሪ ከዳዊቱ አይለይም።

ሦስተኛ፣ ጊዜው በተቀባዩ አቆጣጠር ይለካ። የመንደሩ የትምህርት ዘመን ከመስከረም እስከ ሰኔ ከሆነ አገልግሎቱም እንዲሁ ይሁን፤ ከመሄዱም በፊት የሚተካው ሰው ይታወቅ። የየኔታ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ የእንጀራው ነገር በግልጽ ይነገር። የቆሎ ተማሪ በመንደሩ ቁራሽ ይኖር የነበረው ጉባኤው የመንደሩ ስለነበረ ነው። ከከተማ የሚላክ ወጣት ግን በክረምት የባልቴቲቱን የመጨረሻ ቆሎ እንዳይበላ ላኪው ስንቁን ይቻል፤ ሆኖም በማዕድ አብሮ መቀመጥን አይተው፤ የቀረበለትንም አይናቅ።

አምስተኛ፣ ሴቶች ልጆች የሥርዓቱ እኩል ተሳታፊ ይሁኑ፤ ተላኪም፣ ተማሪም። ማደሪያቸውና ደኅንነታቸው አስቀድሞ ይዘጋጅ። የቀድሞውን ሥርዓት ስንወርስ ጉድለቱን ጭምር መውረስ የለብንም።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ምደባ ያገኘ ተማሪ በተጻፈ ምክንያት አንድ ዓመት ቢቆይ ቦታው ተጠብቆለት የሚመለስበት ግልጽና ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ያስፈልጋል። ያለዚህ፣ አባት «ዕድልህን ትጥላለህ» ብለው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም፤ አገልግሎትም ሀብት ላላቸው ልጆች ብቻ የሚፈቀድ ይሆናል።

አሁን ለጋበዝኋችሁ ለአባትና ለልጅ የማቀርበው ምክር ይህ ነው። አባት ሆይ፣ ልጅዎ የሚሄድበት መንገድ በዚህ አገር ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ የቆየ ነው፤ ስለዚህ እንደ ብኩንነት አይቁጠሩበት። ቁጣዎ ግን በጥያቄ መልክ ይቅረብ፤ ማን ጠራው? ከማን ሥር ይሆናል? እርሱን ማን ይተካዋል? የዩኒቨርሲቲው ቦታ በጽሑፍ ይጠበቅለታልን? ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለእነዚህ ለአራቱ መልስ ካለው መርቀው ይስደዱት። መልስ ከሌለው ልጄ ሆይ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ግባ፤ በክረምት ዕረፍትህ ግን ብቻህን፣ ያለ ከበሮና ያለ ብስኩት፣ ወደዚያው አጥቢያ ሂድና ከየኔታ እግር ሥር ተቀመጥ። አገልግሎትህ ከዚያ ይጀምራል፤ አንድ ዓመትም ላይበቃው ይችላል።

ያን ዳዊት ተሳልሞ የመለሰልኝን ሰው አሁንም ላሊበላ በሄድሁ ቁጥር አገኘዋለሁ። ባለፈው ዓመት ልጁን አሳየኝ፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሰፈራቸው ደብር ከሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ጨርሳ መልእክተ ዮሐንስ ጀምራለች። «አንተ ግን አታስተምራት» አለኝ እየሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ቃል ገባሁለት፤ ይልቁንም መሪጌታው ዘንድ ሄጄ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቅሁ። የጠየቁኝ ለጉባኤው የሚሆን የጣሪያ ቆርቆሮ ነበር።